ቶዮታ ቪትዝን ማሻሻል፦ ከፍሬን ተጀምሮ ሞተር ላይ የሚያልቅ ሥራ

መኪና ማሻሻል የሚያምረው ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ማርሚታ ላይ ነው። ድምፁ ይስባል፣ ወጪውም ቀለል ይላል። ቀጥሎ ሰፊ ቸርኬ ይመጣል፣ ከዚያ ሞላ ማሳጠር። ፍሬን የሚታወሰው አንድ ቀን መኪናው አልቆም ሲል ነው። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ጤናው፣ ከዚያ ፍሬኑ፣ ከዚያ ጎማና ሾክ። ሞተር መጨረሻ።

ለዚህ ትልቁ ምክንያት የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ባሕር ዳርቻ ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ሲሆን እዚህ 77 ገደማ ነው። ሩብ ያህል ጎድሏል ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። ጃፓን ውስጥ 110 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር መስቀል አደባባይ ላይ 85 ገደማ ቢሰጥ ነው። ፊልትሮና ማርሚታ ቀይራችሁ የምታገኟት ጥቂት ጉልበት ይህን ጉድለት አትሞላም። በደንብ የሚቆም፣ መንገድ የሚይዝ፣ መሪው ልብ የማያስጠረጥር መኪና ግን እዚሁ ከፍታ ላይ መሥራት ይቻላል። ፍጥነቱም ከዚያ ይመጣል፤ ኩርባ ላይ ሳትቀንሱ የምትይዙት ፍጥነት ቀጥታ መንገድ ላይ ከምትጨምሩት ይበልጣል።

ሥራው ረጅም ነው። ገንዘብ ሲገኝ፣ ዕቃ ሲገኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሲገኝ የሚቀጥል ነው። ዓመታት ቢወስድ ችግር የለውም። መኪናው በየደረጃው መካከል የሚነዳ ሆኖ መቆየት አለበት። ፈትቶ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ነው።

መኪናውና ሊብሬው

መመሪያው የተጻፈው ለመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተመረተው ማለት ነው። የነደፈው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብሎ ተሸጦ በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመርጧል። እኛ ጋ የማይታይበት ሰፈር የለም። ለዚህ ሥራ የምመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ መለዋወጫው ይገኛል፣ ቪትዝ ያልፈታ መካኒክም የለም።

በዚህ ትውልድ ባለ 1.0፣ ባለ 1.3 እና ባለ 1.5 ሊትር ሞተር አለ። ባለ 1.5ቱ ማንዋል አርኤስ የቤቱ ስፖርተኛ ነው። ከተማ ውስጥ ካገኛችሁት እድለኛ ናችሁ። ካላገኛችሁ ባለ 1.3ቱን ያዙ። እሱና ባለ 1.5ቱ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ናቸው። የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለያቸው የፒስተኑ ጉዞ ነው፤ በባለ 1.3ቱ 73.5፣ በባለ 1.5ቱ 84.7 ሚሊ ሜትር። ለወደፊት ሞተር መቀየር ስታስቡ ይህ ዝምድና ይጠቅማችኋል።

አንድ ነገር ሳታዩ እንዳትገዙ። ከጃፓን የመጡ ቪትዞች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዘዋወረ ነው። ሥራው በደንብ የተሠራ አለ፣ በችኮላ የተሠራም አለ። መኪናው ይነሳና ከሥር ይታይ። የመሪው ሳጥን የታሰረበት ቡሎን ዙሪያ ስንጥቅ ወይም አዲስ ብየዳ አለ? የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ቡሎን ጠብቋል? ከፔዳሉ ወደ ሰርቮ (የፍሬን ፔዳል ሲረገጥ እግርን የሚያግዘው ክፍል) የሚሄደው ዘንግ ይንቀጠቀጣል? አንድ ሰው ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፣ እናንተ ከሥር ሆናችሁ እጃችሁን ሳጥኑ ላይ አሳርፉ። ሳጥኑ ከአካሉ ተለይቶ ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ መኪናውን ተዉት። ደላላው የፈለገውን ይበል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያሉት ቪትዞች ይበልጥ ውድ ዕቃ ሆነዋል። ስለዚህ ወደኋላ የማይመለስ ሥራ አትሥሩ። አካል አትቁረጡ፣ የወጣ ዕቃ አትጣሉ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ ቀለሙም ጭምር ሊብሬ ላይ የተጻፈ ነው። ቀለም ወይም ሞተር ለመቀየር ስታስቡ ፋይላችሁ ያለበት ቢሮ ሄዳችሁ ከሥራው በፊት ጠይቁ። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ አትሸማቀቁም።

ደብተርም ግዙ። ተራ ባለ 50 ሉክ ይበቃል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ከየት እንደተገዛ። ስልክ ላይ ፎቶ አንሱ፤ የፈታችሁት ሽቦና ቱቦ ከሦስት ሳምንት በኋላ የት እንደነበረ የሚነግራችሁ ፎቶው ነው።

ደረጃ 1፦ ጤና

የታመመ መኪና ላይ የተገጠመ ጥሩ ዕቃ ብክነት ነው። ከማቀዝቀዣው ጀምሩ።

እዚህ ከተማ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሻይ ስናፈላ ምንም አይደለም፣ መኪና ላይ ግን ልዩነት ያመጣል። የሞተሩ ቴርሞስታት (የውኃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ) የሚከፈተው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ ነው። ፋኑ የሚነሳው 90ዎቹ ውስጥ ሲገባ ነው። ይታያችሁ፤ ግፊት ባይኖር ኖሮ ፋኑ ሊነሳ ሲል ውኃው ይፈላ ነበር። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ከውጪው ግፊት በላይ ያን ያህል ይዞ መፍያውን ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን አይዝም። ስለዚህ ሞተሩ በርዶ ሳለ ክዳኑን ክፈቱና የጎማውን ከንፈር በጥፍራችሁ ተጫኑት። ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረ ቀይሩት። ከመለዋወጫ ሁሉ ርካሹ ነው፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) የሚያድነውም እሱ ነው።

ቴርሞስታቱን ደግሞ አታስወጡ። "ለአገራችን አየር አያስፈልግም" የሚል መካኒክ አይጠፋም። ያስፈልጋል። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ጠዋት ለረጅም ጊዜ እንደ ቀዘቀዘ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱ ይቀጥናል። የቧንቧ ውኃም አትጠቀሙ፤ ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጉ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው አየር ግፊት፣ ይለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ (እሳት የሚጭሩት) በሙሉ ወጥተው፣ ቤንዚኑ ተቋርጦ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለባለ 1.5ቱ 15 ባር ገደማ ይላል። እዚህ 11 ገደማ ቢያነብ አትደንግጡ፤ ሞተሩ የጀመረው ከሳሳ አየር ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ሞተር ሞቷል ተብለው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ያስቀየሩ ሰዎች አሉ። ማየት ያለባችሁ አራቱ ሲሊንደሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ነው። ልዩነቱ ከ1 ባር ካለፈ እዚያ ላይ ችግር አለ።

ካንዴላዎቹ ከወጡ አይቀር ጫፋቸውን እዩ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ዘይት ከነካው ምክንያቱ ይፈለግ። ስትቀይሩ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ 11 ያለበትን ግዙ። 11ዱ የእሳቱ ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። በእጃችሁ እስኪቆም ድረስ አዙሩት፣ ከዚያ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ጨምሩ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ጉልበት አይወድም።

ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ የሞተር ጎሚኒ (ንዝረት የሚውጠው ጎማ)፤ ይህን የትኛውም ጋራዥ ያውቀዋል። ባለ 1.5ቱ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ዘይት ይወስዳል። አራት ሊትር ጀሪካን ሙሉውን እንዲያፈሱበት አትፍቀዱ። የወጣውን ዘይት በጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ቦይ ውስጥ እንዳይደፋ። ፒያሳና ካዛንቺስ ከታደሱ ወዲህ መንገድ ዳር ዘይት ማፍሰስ ያስቀጣል፣ ነውርም ነው።

ደረጃ 2፦ ፍሬን

የምናዘወትረውን መንገድ አስቡት። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ደግሞ ረጅምና ጠመዝማዛ ነው። በዚያ ላይ ታክሲ ድንገት ይቆማል፣ እግረኛ ድንገት ይገባል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ብር እዚህ ላይ ነው የማወጣው።

ከሰርቮው እንነሳ። ሰርቮ እግራችንን የሚያግዘው በውጪው አየርና በሞተሩ ስበት መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። የውጪው አየር ሲሳሳ እገዛውም ይቀንሳል። ፔዳሉ እዚህ ከባሕር ዳርቻው ጠንከር የሚለው ለዚህ ነው። የደከመ ሰርቮ ያለው መኪና ደግሞ ከተማችን ላይ በእጥፍ ይታወቅበታል። ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሰመጠ ሰርቮው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ ወፍራሙን የአየር ቱቦና መቆለፊያውን ቫልቭ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀው ቱቦው ነው።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ውረዱ። የድሮውን የፍሬን ሸራና ዲስክ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። "ወንድሜ ኦሪጅናል ነው" የሚለውን በጆሮ ስሙት፣ በዓይን ግን እናንተው ፈትሹ። ፎርጂድ ሸራ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ይፈረፍራል፣ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዟል፣ ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት መስመር ላይ ክፍተት ይታያል። ጥፍር አስገቡበት። ከገባ መልሱት። ዲስኩ ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት ተቀርጿል። የእናንተን በካሊፐር መለኪያ ለኩና ከቁጥሩ ጋር አስተያዩ። ያገለገለ ሾክ ወይም ሞተር ሊገዛ ይችላል፤ ያገለገለ ሸራና የፍሬን ጎማ ቱቦ ግን በፍጹም። ሻጩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆኑ "ጋሼ፣ ካልገጠመ እመልሳለሁ፣ ደረሰኙ ላይ ይጻፉልኝ" በሉ። ዕቃውን የሚተማመኑበት ሰው አያቅማሙም።

ሲሠራ እንዲህ ነው። መኪናውን በክሪክ አንሱና የብረት መደገፊያ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። የፍሬኑን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ስትፈቱ በሽቦ ስቀሉት፣ በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል። ተንሸራታቹ ፒን ወጥቶ ይጽዳና የፍሬን ግሪስ ይቀባ። እዚህ ያለው አቧራ ይህን ፒን ያጣብቀዋል። አንዱ ጎን ሸራ ሙሉ፣ ሌላው ጎን ያለቀ ሆኖ ካገኛችሁት ጥፋተኛው ይሄ ነው። የኋላው በተለመደው ቪትዝ ላይ ታምቡር ነው። ይከፈት፣ አቧራው በውኃ ይታጠብ እንጂ በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አይነፋ፤ አቧራው ለሳንባ መርዝ ነው።

ከዚያ የፍሬን ዘይቱ። ዶት 4 ግዙ። አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ ዶት 3 ግን 205 ላይ ነው ዝቅተኛው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ዶት 4 ወደ 155፣ ዶት 3 ወደ 140 ይወርዳል። ከእንጦጦ ሲወረድ "ፍሬኑ ባዶ ገባ" የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ዘይቱ ፈልቶ አየር ሆኗል። ዶት 5 የሚል ካያችሁ ተዉት፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከላይኛው የፍሬን ዘይት ጋን በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ። የአየር ማስወጫው ቡሎን ላይ ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ ግጠሙ፣ ሌላኛው ጫፍ ዘይት ያለበት የኃይላንድ ኮዳ ውስጥ ይግባ። ውስጥ ያለው ሰው ሦስት አራቴ ይረግጥና "ያዝኩ!" ይበል። ውጪ ያለው ቡሎኑን ሩብ ዙር ይፍታ። ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ዘይቱ በቱቦው ይሄዳል፣ አረፋ ይታያል። ቡሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ "ልቀቅ!" ይባላል። ቅደም ተከተሉ ከተምታታ አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ቀጥሉ። በየመሃሉ የላይኛውን ጋን እያያችሁ ሙሉ፤ ባዶ ከሆነ ከመጀመሪያው ነው።

አዲስ ሸራና ዲስክ መላመድ አለባቸው። እሑድ በማለዳ፣ መንገድ ጭር ሲል፣ ከ60 ወደ 15 በመጠኑ ጠንከር አድርጋችሁ ቀንሱ። ሳትቆሙ ፍጥነት ጨምሩና ድገሙት። ስምንት ጊዜ ያህል ይበቃል። መሃል ላይ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ፔዳሉን አትያዙ፤ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል፣ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሲያልቅ ሳትረግጡ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት።

ደረጃ 3፦ ጎማና ቸርኬ

የቪትዝ ቸርኬ አራት ቡሎን ሲሆን ቡሎኖቹ የተቀመጡበት ክብ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ነው። የመሃል ቀዳዳው 54.1 ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ቸርኬ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ የመሃል ቀለበት አድርጉበት። ያለዚያ 80 ላይ የሚጀምር መንቀጥቀጥ አለ፣ ጎሚስታውም ባላንስ ሠርቶ ሠርቶ ይሰለቻል።

ልኩን በተመለከተ የእኔ ምርጫ 185 በ55 ባለ 15 ነው (የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የቸርኬው ልክ በኢንች)። የፋብሪካው 175 በ65 ባለ 14 ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ነው፣ ይሄ 584። የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም። የጎማው ጎን ደግሞ 102 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል። 195 በ45 ባለ 16 ካደረጋችሁ 88 ብቻ ነው የሚቀረው። ያማረ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ግን ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ ቸርኬውን ያጣምመዋል። ኮብልስቶን ላይም ጥርስ ያንገጫግጫል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ሳጥን ፈልጉ። 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ አሮጌ ጎማ በቀለም አብረቅርቆ አዲስ ይመስላል። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ከደረቀ ሰኔ ላይ በዝናብ አይቆምም። ጥሩ አራት ጎማ ከጥሩ ቸርኬ ይቀድማል።

ዳዶውን ጎሚስታው በአየር መሣሪያ እንዳያጠብቀው ለምኑት። በእጅ ይያዝ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ መጨረሻ ላይ በቶርክ መፍቻ 103 ኒውተን ሜትር። መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ድገሙት።

ደረጃ 4፦ ሾክና ሞላ

እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፤ ሞላ በግራይንደር ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞላ መቀመጫው ላይ አይረጋም፤ መኪናው ጉብታ ላይ ሲዘል ሊያመልጥ ይችላል። ሾኩም ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ስለሚመታ በወራት ውስጥ ያፈሳል። አትቁረጡ።

ብዙ ሰው የሚፈልገው መንገድ የመያዝ ብቃት የሚመጣው ከማሳጠር ሳይሆን ከማደስ ነው። የሃያ ዓመት ቪትዝ ጎሚኒው አልቋል። የታችኛው ክንድ ጎሚኒ፣ ቴስቲና (ባለ ኳስ መገጣጠሚያው)፣ የሾኩ የላይኛው መቀመጫና ኩሺኔታው፣ የኋላው አግዳሚ ሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች፤ እነዚህን ከአዲስ ሾክ ጋር ቀይሩና ንዱት። ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ትቆማላችሁ፣ ትክክልም ናችሁ። ዝቅ ማድረግ የግድ ካላችሁ ለዚህ መኪና የተሠራ አጭር ሞላ ግዙ፣ ከ25 ሚሊ ሜትር አትለፉ። የሕንፃ ምድር ቤት መውረጃዎችንና የሰፈር ጉብታዎችን አስቡ። ከዚያ በላይ ከወረደ ፓራውልቱ ይሰበራል።

የፊቱን ሾክ መፍታት አደገኛ ነው። የተጨመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። ሁለት ጥርስ ያለው ጠንካራ የሞላ መጭመቂያ ተከራዩ፣ ትይዩ አድርጋችሁ ግጠሙ፣ አንዱን ሁለት ዙር፣ ሌላውን ሁለት ዙር እያላችሁ ጨምቁ። ሞላው መቀመጫው ውስጥ በእጅ ሲነቀነቅ እስክታዩ ድረስ የላይኛው ዳዶ አይነካ። ፊታችሁ ከሾኩ መስመር ውጪ ይሁን። የዕውቀቱና የመሣሪያው ነገር ካጠራጠራችሁ ሾኩን ፈታችሁ ብቻ ይዛችሁ ጋራዥ ሂዱ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ይህን ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ አሉ።

ስትገጥሙ አንድ ቁም ነገር አለ። የጎሚኒ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ መኪናው መሬት ሲነካ ሁልጊዜ ይወጠራል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። ጋራዥ ውስጥ ስታሠሩም ይህን ቆማችሁ ጠይቁ፤ "ማስተር፣ መጨረሻውን መሬት ላይ ሆኖ እናጥብቀው" ማለት ነውር የለውም።

አንድ ሳምንት ነድታችሁ ሞላው ሲረጋ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ይሠራ። የኋላው አንድ ወጥ አግዳሚ ስለሆነ አይስተካከልም። የኋላው ልክ ከጎደለ አግዳሚው ተመትቷል ማለት ነው። የአላይመንቱን ወረቀት አሳትማችሁ ደብተሩ ውስጥ ለጥፉ።

ደረጃ 5፦ አየርና ማርሚታ

እዚህ አጭር ነው የምናገረው፣ ትርፉም አጭር ነው። ኮፈን ሥር የሚገጠመው ክፍት ፊልትሮ ድምፅ ይሰጣል፣ ግን የሚስበው የራዲያተሩን ትኩስ አየር ነው። አየሩ በሳሳበት አገር ላይ ትኩስ አየር መጨመር ኪሳራ ነው። የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን አትንኩ፣ ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ግጠሙ፣ በበጋ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። የአየር መክፈቻውን ቫልቭ በማጽጃ ጥረጉ። ነዳጅ ስትሰጡ የሚሰማችሁ ፈጣን ምላሽ ያስደስታችኋል።

ማርሚታውን ዝገት ከበላው ቀይሩ። ካታሊቲኩን (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) አታስወጡ። ጭሱን የሚተነፍሱት ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ የምታገኙት ጉልበትም በእግር አይታወቅም። ድምፅ የሚወድ ሰው የኋለኛውን ማርሚታ ብቻ ይቀይር፤ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ግን ሌሊት የሚመጣበትን ሰዓት ያስብ።

ደረጃ 6፦ ሞተር

ባለ 1.3 ይዛችሁ እዚህ ከደረሳችሁ ባለ 1.5 ሞተር ማሰብ ይገባል። የሚገዛው ሞተሩ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ፣ የሽቦ ገመዱ፣ የአየር መለኪያው ከአንድ መኪና የወጣ ሙሉ ስብስብ ይሁን። ከተለያየ ቦታ የተለቃቀመ ዕቃ ኤሌክትሪሺያኑን ለሳምንታት ያደክመዋል። ወረቀቱም ይኑር፤ የጉምሩክ ሰነድ ወይም ደረሰኝ የሌለው ሞተር ቁጥሩን ሊብሬ ላይ ለማስገባት አይረዳም።

ሱቅ ላይ ያለ ሞተር ስትመርጡ የዘይት ክዳኑን ክፈቱና በእጅ ባትሪ እያበራችሁ ወደ ውስጥ እዩ። ወርቃማ ቡናማ ከሆነ ባለቤቱ ዘይት በሰዓቱ ይቀይር ነበር። ጥቁር ጭቃ ካለ እለፉት። የቫልቮቹን ዘንግ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው፣ በውጪ አይታይም፤ ከተቻለ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ ስሙት፣ ለጥቂት ሰከንድ ቢንኳኳ ሰንሰለቱና መወጠሪያው ደክመዋል።

ሞተሩ ከወጣ አይቀር ፍሪሲዮኑ ሙሉ ስብስብ ከነኩሺኔታው ይቀየር። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የዘይት ማገጃ ጎማም እንዲሁ። በኋላ ለብቻው ለመቀየር ያንኑ ሥራ መድገም ነው። የሞተር መቀመጫዎቹ አዲስ ይሁኑ። የመጀመሪያው ዘይት በ1,000 ኪሎ ሜትር ይውጣና ብረት ብናኝ እንዳለ በጨርቅ ይጣራ።

ቱርቦ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። የሳሳውን አየር የሚመልሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን የ1.5ቱ ሞተር ጭመቃ 10.5 ለ1 ነው፣ ለቱርቦ ከፍ ያለ ነው። በዝቅተኛ ግፊት፣ የጋዝ ሙቀትና የቤንዚን ልክ የሚያሳይ መለኪያ ተገጥሞ፣ ኮምፒውተሩን በትክክል ማስተካከል የሚችል ሰው ከጎናችሁ ካለ ይሞከራል። ይህ ሰው ሳይገኝ ዕቃውን አትግዙ። ፒስተን የሚቀልጠው ከኮምፒውተር ጀርባ ያለው ሰው ሲገምት ነው።

ከሞተር ቅያሪ በኋላ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ዲስኩን ለኩ፣ የፍሬን ዘይቱን ቀይሩ፣ ሰርቮውን እንደገና ፈትሹ። ከዚያ የሞተሩን ቁጥር ፎቶ አንሱና ሰነዱን ይዛችሁ ሊብሬ ቢሮ ሂዱ።